የጠየቀችውን እንላክላት
(ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በተደረገ የማኅበረሰብ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እዚሁ ተወልዳችሁ ከወላጆቻችሁ ጋር የመጣችሁ ልጆቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ? ከሥራ ወጥታችሁ ቤት እንኳ ሳትደርሱ በቀጥታ የመጣችሁ እንዳላችሁ አያለሁ፤ የሥራ ልብሳችሁን ሳትቀይሩ የተቀመጣችሁ አላችሁ። ፈጣሪ ያክብርልኝ። ዕድሜ ልኩን ሲያስተምር ለኖረ ሰው፣ ስለ ትምህርት ለመነጋገር እንዲህ አዳራሽ ሞልቶ ማየት ትልቅ ነገር ነው።

የተሰበሰብንበትን ታውቃላችሁ። እዚሁ ያደገች፣ ብዙዎቻችሁ በልጅነቷ አቅፋችሁ የሳማችኋት ልጃችን ኮሌጅ ጨርሳ፣ ሥራ ከመያዟ በፊት በበጎ ፈቃድ ላስተምር ብላ ኢትዮጵያ ገብታለች። ለምታስተምርበት ትምህርት ቤት የማስተማሪያ ዕቃ እንድንልክም ጠይቃናለች። ስሟን ከመድረክ እንዳልጠራ ለምናኛለችና አልጠራውም። ያለችው ጋሞ ደጋ ላይ፣ ጨንቻ አካባቢ ነው። አገሩን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከአርባ ምንጭ ሙቀትና ሙዝ ተነስተው 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ሲወጡ ሌላ ዓለም ነው የሚገቡት፤ ጉም፣ እንሰት፣ ቀርከሃ፣ የዶርዜ ሸማኔዎች። ጠዋት ጠዋት ጉሙ መማሪያ ክፍል ድረስ ይገባል ትላለች። ጠመኔው ረጥቦ ሰሌዳው ላይ አይጽፍም፣ ደብተሩ እርጥበት ይዞ ይጨማደዳል።

የምታስተምረው 9ኛ ክፍል ነው፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ። እስቲ ልጆቹን አስቧቸው። ትምህርት የጀመሩት በአፍ መፍቻቸው በጋሞኛ፣ በላቲን ፊደል ነው። አማርኛን እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት በራሳችን ፊደል ተምረዋል። 9ኛ ክፍል ላይ ደግሞ ሳይንሱ በእንግሊዝኛ ነው። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ስለ ሴል ሲማር ሳይንሱንም ቋንቋውንም እኩል ይታገላል ማለት ነው። ሴሉን ራሱን ሳያይ! መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ብቻ እያየ፣ መጽሐፉም ከደረሰው!

የዚህ ውጤት ምን እንደሆነ አይታችኋል። በጥር 2015 ዓ.ም. ውጤቱ የተነገረውን የ12ኛ ክፍል ፈተና አስታውሱ። 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያን ዕለት ስንቶቻችን ስልክ ይዘን አለቀስን? ስንቶቻችን «ምን ይሻላል?» አልን? እኔ ብዙ ሰው ሲል ሰምቻለሁ። ዛሬ አንድ ክፍል፣ አንድ ትምህርት ቤት ላይ ልናደርገው የምንችለው ነገር እጃችን ገብቷል።

ሦስት ነገር ልናገር። አንደኛ፣ ምን እንስጥ የሚለውን። ሁለተኛ፣ የሰጠነው ዕቃ ተማሪው እጅ እንዴት ይገባል የሚለውን፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ሦስተኛው ስለ አላላኩ ነው፤ እሱ አጭር ነው።

እሺ፣ አንደኛው። ወሬው እንደተሰማ ብዙ ሰው ደወለልኝ። ፍቅራችሁ ልቤን ነክቶታል። አንዱ የልጆቼ አሮጌ ቦርሳዎች አሉ አለኝ፣ አንዷ አሻንጉሊት፣ ሌላው ጋራዥ ውስጥ ያለ ኢንሳይክሎፒዲያ። ሁሉም ከልብ ነው። ግን ወገኖቼ፣ ልጅቷ ዝርዝር ልካለች! እዚያ ክፍል ውስጥ የምትቆመው እሷ ናት። የጎደላትን እሷ ታውቃለች። እኛ ቤት የተረፈን ነገር እና እዚያ ክፍል የጎደለው ነገር አንድ አይደሉም።

ይህን የምለው ከራሴ ሕይወት በማውቀው ነው። እኔ ወሎ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። የሰላም ጓድ፣ እኛ «ፒስ ኮር» የምንላቸው አሜሪካውያን በጎ ፈቃደኞች፣ ያስተማሩኝ ተማሪ ነኝ። እዚህ ከኔ ሌላ የተማረባቸው አለ? አዎ፣ እጆች አያለሁ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በ1961 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ድርጅት ነው፤ በዓመቱ ወደ 300 የሚጠጉ ወጣቶች አዲስ አበባ ገቡና በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተበተኑ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ተቀብለዋቸዋል። ከነዚያ ውስጥ ወሊሶ ያስተማረው ፖል ሶንጋስ ኋላ የማሳቹሴትስ ሴናተር ሆነ፤ በ1992 እ.ኤ.አ. ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሯል። ይህን የማነሳው ልጆቻችን እንዲሰሙት ነው። ያ ሁሉ ወጣት በዚያ ዘመን አገራችሁን ለማስተማር ባሕር ተሻግሯል። ዛሬ ከእኛ መሀል አንዲት ልጅ ያንኑ መንገድ ስትሄድ ብቻዋን መተው የለባትም።

የኔ የሳይንስ መምህርት አሜሪካዊት ናት። «ሚስ» ነበር የምንላት። አገሯ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ካርቶን ካርቶን ዕቃ ይልኩላት ነበር። ካርቶን ሲመጣ የክፍሉ ተማሪ በሙሉ ይከባታል። ከአብዛኛው ካርቶን ምን ይወጣ ነበር መሰላችሁ? የተነበበ መጽሔት፣ ጫፉ ያለቀ ከለር፣ ግማሹ የጎደለ የሚገጣጠም ሥዕል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የበረዶ ጓንት። መጽሔቱን ቢያንስ ግድግዳ ላይ ለጠፍነው። ጓንቱ ግን ወሎ ምን ያደርጋል?

አንድ ቀን ግን ትንሽ ካርቶን መጣች። ሚስ ስትከፍታት ፊቷ ተቀየረ፤ የጻፈችው ደብዳቤ መልስ ነበር፣ ለይታ የጠየቀችው ዕቃ። ከአንድ ተማሪ ላይ ጋቢ ተቀብላ መስኮቱን ሸፈነችው። በጋቢው ጠርዝ በኩል ትንሽ ክፍተት ተወች፤ ፀሐይዋ በቀጭኑ ገባች፣ ጠመኔው ብናኝ ውስጥ ቀጥ ብላ ትታያለች። ሚስ ባለ ሦስት ጎን ወፍራም ብርጭቆ አወጣችና ፀሐይዋ ላይ ያዘችው፣ ትንሽ አዞረችው። በኖራ በተቀባው ግድግዳ ላይ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ተዘረጋ። ከኋላ አንዱ «የማርያም መቀነት!» ብሎ ጮኸ። ክፍሉ ተናወጠ። ብርሃን እንደሚሰበር ከመጽሐፍ ሸምድደን ነበር፣ ፈተና ላይም ጽፈነው ነበር። ያን ዕለት ግን አየነው። ተራ በተራ በእጃችን ያዝነው። እኔ መምህር የሆንኩት ከዚያች ብርጭቆ የተነሳ ነው ብል አላጋነንኩም።

ያቺ ብርጭቆ፣ ፕሪዝም የምትባለው፣ በኪስ የምትያዝ ናት። ብዙ ብር አልወጣባትም። የተለየች ያደረጋት ምንድን ነው? ተጠይቃ መምጣቷ ነው! ተጠይቃ!

አሁን የልጃችንን ዝርዝር ልንገራችሁ። አጉሊ መነጽር፤ በእጅ የሚያዘው ትንሹ። ማግኔት። ቴርሞሜትር። አሲድና ቤዝ የሚለይ ሊትመስ ወረቀት። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ትልቅ ፔሪዮዲክ ቴብል፣ የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ። የመምህር ትልቅ ኮምፓስና ፕሮትራክተር፣ ለሰሌዳ የሚሆን። የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ ለተማሪ የሚሆን ቀላሉ። ማይክሮስኮፕ፣ ግን በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሳይሆን ከሥሩ መስታወት ያለው፣ በቀን ብርሃን የሚያሳየው፤ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ እንዳይቋረጥ። ከዚህም ሌላ ፎልድስኮፕ የሚባለውን የወረቀት ማይክሮስኮፕ ጠይቃለች። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ማኑ ፕራካሽና ባልደረቦቹ የፈጠሩት ነው፤ ወረቀቱ ታጥፎ ይሠራል፣ ትንሽ ሌንስ አለው፣ አንድን ነገር 140 ጊዜ ያህል አጉልቶ ያሳያል። ክብደቱ ምንም አይደለም። አንድ ተማሪ የሽንኩርት ልጣጭ አድርጎበት ሴሉን በዓይኑ ማየት ይችላል። እስቲ አስቡት፤ ያን ስታስተምረው የከረመችውን ሴል!

አንድ ነገር ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። አባቶች እንዳትሸማቀቁ፣ እኔም አባት ነኝ። ከዝርዝሩ ውስጥ ታጥቦ ድጋሚ የሚያገለግል የወር አበባ መጠበቂያና ሳሙና አለ። ሴቶቹ ልጆች በዚያ ሰሞን ክፍል አይመጡም ብላ ጽፋለች። ማግኔቱንና ሌንሱን ልከን ልጅቷ ቤት ከቀረች ምን ሠራን? ይህም የትምህርት ቁሳቁስ ነው። እናቶች፣ ይህን ክፍል እናንተ ያዙልኝ።

ከዚህ የማይላከውንም ልንገራችሁ፤ ጥቂት ስለሆነ ጆሮ ስጡኝ። ከአሜሪካ የሚገዛ ወረቀትና ክላሰር አትላኩ። የዚህ አገር ወረቀት ሌተር ነው፣ እዚያ ኤፎር ነው፤ ስፋቱም ርዝመቱም ይለያያል። የዚህ ክላሰር ሦስት ቀዳዳ ነው፣ እዚያ ያለው መብሻ ሁለት ይበሳል። እዚህ ሶኬት ላይ የሚሠራ 110 ቮልት ዕቃ አትላኩ፤ እዚያ 220 ነው። አንድ ትምህርት ቤት በስጦታ የመጣ ላሚኔተር፣ ወረቀት በፕላስቲክ የሚለብጥ ማሽን፣ ሰክተው በደቂቃ ውስጥ ሲጨስ ዓይቻለሁ፤ ሠራተኛው ሮጦ ባይነቅለው ቤቱም ይቃጠል ነበር። ባይናኩላር፣ የሩቅ ማያ መነጽሩ፣ ለተፈጥሮ ጥናት ይሆናል ያልከኝ ወንድሜ፣ ሐሳብህ መልካም ነው፤ ቦሌ ላይ ግን ያለ ፈቃድ አያስገቡትም። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ እርሳስ፣ ላጲስ፣ ጠመኔ፣ የሰሌዳ ቀለም፣ ይህ ሁሉ እዚያው ይገዛል። አርባ ምንጭ ገበያ አለ። ጠመኔ ከሜሪላንድ ጭኖ መሄድ ለምን? የአካባቢው ነጋዴም ይጠቀም።

ስለ መጻሕፍትም አንድ ነገር። ጋራዥ ያለው ኢንሳይክሎፒዲያ እዚያ ማንም አይከፍተውም። የሚያስፈልጋቸው የራሳቸው መማሪያ መጽሐፍ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር የታተመው መጽሐፍ ለሁሉም አልደረሰም፤ በፒዲኤፍ ግን አለ። ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ የምንሰበስበውን ገንዘብ ከፍ ያለውን እጅ አርባ ምንጭ ላይ የ9ኛ ክፍል የሳይንስ መጻሕፍትን ለማሳተምና ለመጠረዝ እናውለው ነው። አይታይም፣ አያምርም፣ ፎቶ አይወጣበትም። ግን አንድ ልጅ ማታ ቤቱ ይዞት የሚገባ መጽሐፍ ይሆናል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ብታምኑም ባታምኑም ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። የሰጠነው ዕቃ ተማሪው እጅ ይገባል ወይ?

ኢትዮጵያ ሳስተምር አንድ ትምህርት ቤት ተዛውሬ ገባሁ። የባዮሎጂ መምህሩ ማይክሮስኮፕ የለንም አለኝ። አንድ ቀን ጠመኔ ለመውሰድ ንብረት ክፍል ገባሁ። መደርደሪያው ላይ፣ ከወረቀት ክምር በላይ፣ አቧራ የጠጣ ካርቶን አየሁ። የውጭ አገር ጽሕፈት አለበት። እጄን አድርሼ አቧራውን ጠረግሁት። ማይክሮስኮፕ ነው! ከነፕላስተሩ፣ ሳይከፈት! ከጎኑ ሌላ፣ ከጎኑ ሌላ። ንብረት ክፍሉን ጠየቅሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «መምህር፣ በሞዴል 19፣ በንብረት መረከቢያ ደረሰኝ፣ የገባ ነው። በኔ ስም ነው ያለው። ቢሰበር ከደሞዜ ይቆረጣል።»

ሰውየውን አልፈርድበትም። እናንተ ብትሆኑስ? በዚያች ደሞዝ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። ደንቡ ያስፈራዋል። ሰጪው መጥቶ ዕቃውን አስረክቦ፣ እጅ ጨብጦ፣ ፎቶ ተነስቶ ሄዷል። ዕቃው ሲሰበር ማን ተጠያቂ እንደሚሆን ግን ማንም አልተናገረም። ስለዚህ በጣም ጥንቁቅ የሆነው ሰው ዘጋበት። ተማሪው ማይክሮስኮፕ ሳያይ ተመረቀ፤ ማይክሮስኮፑ ደግሞ ተማሪ ሳያይ አረጀ።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከልጃችንና ከትምህርት ቤቱ ጋር ተነጋግረንበታል። ስጦታው የሚሄደው ከደብዳቤ ጋር ነው። ደብዳቤው ለርእሰ መምህሩ ይጻፋል፣ ለወላጅ መምህር ኅብረቱ፣ ለወመህም፣ ግልባጭ ይደረጋል፤ ወላጆችና መምህራን የሚያውቁት ስጦታ አይጠፋም። ደብዳቤው ላይ ሊትመስ ወረቀቱ፣ ሌንሱ፣ ማግኔቱ፣ ፎልድስኮፑ በሙሉ «አላቂ ዕቃ» ተብሎ እንዲመዘገብ እንጠይቃለን። ቋሚ ንብረት የሚሆኑት መስታወት ያላቸው ማይክሮስኮፖች ብቻ ናቸው። ለነሱም በትምህርት ሥራ ላይ ቢሰበሩ ሰጪው ማንንም እንደማይጠይቅ፣ እንደውም እንደሚተካ በግልጽ እንጽፋለን። ዕቃው የሚቀመጠውም ንብረት ክፍል ሳይሆን መምህራን በሚገቡበት በትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከሉ ውስጥ እንዲሆን እንለምናለን። አንድ ገጽ ደብዳቤ ናት። ያቺ አንድ ገጽ ከአንድ ሻንጣ ዕቃ ትበልጣለች።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ያነሳልኝን ጥያቄ ልመልስ። «እሷ እኮ ዓመት ቆይታ ትመለሳለች፤ ዕቃው ለሷ ነው ወይስ ለትምህርት ቤቱ? እዚያ ያሉት መምህራንስ?» ብሎኛል። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ለጠየቀኝ ሰው ምስጋናዬ ይድረሰው። ልጃችን እንግዳ ናት። እሷ ስትሄድ የሚቀሩት እዚያ ተወልደው፣ እዚያ ተምረው፣ በዚያ ብርድ ጠዋት ጠዋት ፈረቃ የሚገቡት መምህራን ናቸው። ስለዚህ ዕቃው በሷ ስም አይሄድም። እሷም ይህን አልፈለገችም፤ «ለኛ ዲፓርትመንት በሉልኝ» ነው ያለችው። ዝርዝሩንም ያወጣችው ከባዮሎጂና ከኬሚስትሪ መምህራኑ ጋር ቁጭ ብላ ነው። አንዱ መምህር ለዓመታት ሙከራ የሚያሳየው በባዶ የውሃ ፕላስቲክ፣ በሻማና በሎሚ ነበር ብላ ነግራኛለች። ይህን ሰው እናክብረው። ለሱ ዕቃ ስንሰጥ እርዳታ ሰጠነው አንበል፤ የሥራ መሣሪያውን ነው ያቀበልነው።

ስለ ፎቶም ልናገር፣ እንዳትቀየሙኝ። ልጆቹ ሌንስ ይዘው፣ «እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ከፍ አድርገው ቆመው የሚያሳይ ፎቶ ከሷ አንጠይቅ። እባካችሁ አንጠይቅ! የናንተ ልጅ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤት እርሳስ ሲሰጠው ለሰጪው ፎቶ ይነሳል? አይነሳም። የጨንቻ ልጅም እንደዚያው ነው። ሪፖርት እንጠይቃለን፤ ምን ደረሰ፣ ምን ሥራ ላይ ዋለ፣ ምን ተበላሸ። ይህ ይበቃናል።

ሦስተኛው፣ እንዳልኳችሁ አጭር ነው። በፖስታ አንልክም፤ ወጪውም መዘግየቱም ብዙ ነው። ለክረምት አገር ቤት የሚገቡ ቤተሰቦች አሉ። ከአሜሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ለሚበር ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ ይፈቀድለታል። ከዚያ ላይ አምስት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ ለዚህ ሥራ ለግሱን። ዕቃው የንግድ እንዳይመስል በአንድ ሰው ላይ አናበዛም፤ እያንዳንዱ ተጓዥ ከትምህርት ቤቱ የተጻፈውን የጥያቄ ደብዳቤ ኮፒ ይይዛል። አሲድ፣ አልኮል፣ ማንኛውም ኬሚካል ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ፓወር ባንክ የያዘ በእጅ ሻንጣው ይያዘው እንጂ ከሥር አያስገባው። ገንዘቡ በባንክ ይሄዳል፣ በእጅ አይደለም። የብሩ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ እንዲወሰን ስለተደረገ ዶላራችን ብዙ ብር ያወጣል ብላችሁ አትዘናጉ፤ የወረቀቱም የማተሚያውም ዋጋ አብሮ ወጥቷል።

እናንተ ወጣቶች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ለናንተ ልዩ ሥራ አለኝ። ፎልድስኮፑ መታጠፍ አለበት፣ መመሪያውም እንግሊዝኛ ነው። እናንተ አጣጥፋችሁ ሞክሩት፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ሥሩ፤ በቀላል እንግሊዝኛ፣ ቀስ ተብሎ። መምህራኑ ወደ ጋሞኛ ይመልሱታል። ይህን ከናንተ በቀር የሚሠራልን የለም።

እናንተ ደግሞ ያስተማራችሁ፣ እዚህ አገር ታክሲ እየነዳችሁ፣ ሆስፒታል እየሠራችሁ የመምህርነት ሙያችሁ ውስጣችሁ ያለ፣ አውቃችኋለሁ። ልጅቷ ማታ ማታ ኔትወርክ ሲኖር ጥያቄ ትልክልኛለች። «ስድሳ ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ ማይክሮስኮፕ እንዴት ይዳረሳል?» ትለኛለች። በቡድን ከፋፍያቸው፣ አንዱ ቡድን ሲያይ ሌላው ይሣል አልኳት። እናንተ ደግሞ የተሻለ ታውቃላችሁ። ከዕቃው እኩል የሚያስፈልጋት ይህ ነው። ስማችሁን አስመዝግቡ።

ዝርዝሩ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ተለጥፏል፤ በየዕቃው ትይዩ ስማችሁን ጻፉ፣ ሁለት ሰው አንድ ዕቃ እንዳይገዛ። ያልተጻፈ ዕቃ አታምጡ። የእናቶች ክፍል ለብቻው ወረቀት አለው። የምትጓዙ ቤተሰቦች የጉዞ ቀናችሁንና የምትሰጡንን ኪሎ ለጸሐፊያችን ንገሯት። ዕቃ የምንረከበው በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች እዚሁ አዳራሽ ነው፣ ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ በኛ አቆጣጠር። ትምህርት መስከረም ውስጥ ሲከፈት ዕቃው እዚያ መድረስ አለበት።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑን ለጥያቄ እለቀዋለሁ፤ እዚያ ጋ እጅ ያወጡት እናት፣ ከርስዎ እንጀምር።